ከግቢ ሆኖ የጠፈር ጣቢያውን ፎቶ ማንሳት፦ ከጎጃም ሰማይ ሥር ምን ያህል ዝርዝር ይገኛል?

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ሰነበታችሁ የሰማይ ወዳጆች።

መስታወቱ 8 ኢንች የሆነ ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ (መሬት ላይ ተቀምጦ በእጅ የሚዞር ዓይነት) አለኝ። የትኩረት ርዝመቱ 1200 ሚሊ ሜትር ነው። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣ ነው፤ እዚህ እስኪደርስ ያየነውን ፍዳ ሌላ ቀን አወጋችኋለሁ። ጨረቃን፣ ጁፒተርን፣ የሳተርንን ቀለበት ለመድኳቸው። አሁን ያማረኝ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው። እንደ ኮከብ ብልጭ ብሎ ሲያልፍ ሳይሆን ክንፉና ክፍሎቹ ተለይተው እንዲታዩ ነው የምፈልገው።

ሰሞኑን በጥሩ ከፍታ አለፈልኝ። ከሰሜን ምዕራብ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወረደ። በዓይን ሲታይ ልብ ይሰርቃል። በካሜራ ያገኘሁት ግን ነጭ ጭረት ነው። አንዷ ፍሬም ላይ ብቻ ሁለት ጆሮ ያለው ነገር አለ። ቁርጥ ጥንቸል።

ካሜራዬ ትንሿ የፕላኔት ካሜራ ናት፣ ፒክሰሏ 2.9 ማይክሮን። ላፕቶፔ ያረጀ ነው። ቴሌስኮፑ ሞተር የለውም፣ በእጅ ነው የምገፋው። ሞተር ያለው መቆሚያ ግዛ እንዳትሉኝ፤ አቅሙ የለኝም። ባለኝ ዕቃ ምን ላስተካክል?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ጆሮ ካየህማ ተቃርበሃል፤ የፀሐይ ሰሌዳዎቹ ናቸው። ስለ ሞተሩም አትጨነቅ። የሆላንዱ ራልፍ ቫንደበርግ ቴሌስኮፑን በእጁ እየመራ ሳተላይት በማንሳት ነው ስሙ የወጣው።

ሁለት ነገር ንገረኝ። ሹተርህ ስንት ላይ ነበር? የላፕቶፕህ የዩኤስቢ ቀዳዳ ውስጡ ሰማያዊ ነው ወይስ ጥቁር?

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሹተሩ 1/125። ለጁፒተር የምጠቀምበት ነው። ቀዳዳው ጥቁር ነው። ምን አገናኘው ጋሼ?

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ብዙ ያገናኘዋል።

ጣቢያው በሰከንድ 7.66 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሹተርህ ለ1/125 ሰከንድ ክፍት ሲሆን እሱ 61 ሜትር ሄዷል። ጠቅላላ ስፋቱ 109 ሜትር ነው። ከግማሽ አካሉ በላይ ተንሸራትቶ በራሱ ላይ ተደራርቧል ማለት ነው። ቴሌስኮፕህ ቆሞ እሱ ሲያልፍ 1/1000 ብታደርገው መንሸራተቱ 7.7 ሜትር ይሆናል። 1/4000 ላይ 2 ሜትር አይሞላም። እዚያ ላይ ሰሌዳ ከሰሌዳ ይለያል።

ይጨልምብኛል ብለህ አትፍራ። ጁፒተር ከፀሐይ ያለው ርቀት ከእኛ 5 እጥፍ ስለሚበልጥ የሚደርሰው ብርሃን ከእኛው 27 ጊዜ ያህል ያንሳል። ጣቢያው ግን እዚሁ ነው፣ ፀሐይ በሙሉ ኃይሏ ታርፍበታለች። ጌይኑን (የካሜራውን ብርሃን ማጉያ) ከፍ አድርግና ጁፒተርን ደብዘዝ አድርጎ በሚያሳይ ልክ ላይ ተወው። ካበዛኸው ነጮቹ ክፍሎች ይቃጠላሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርግ አይመለሱም።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ካሜራህ በ1200 ሚሊ ሜትር የምታየው ሰማይ 16 የዲግሪ ደቂቃ በ9 ነው። ሙሉ ጨረቃን እንኳ አታስገባም። ጣቢያው ከራስህ በላይ ሲሆን በሰከንድ 1 ዲግሪ ገደማ ይሄዳል። ይህችን መስኮት በሩብ ሰከንድ ነው የሚያቋርጣት። ጥቁሩ ቀዳዳ ዩኤስቢ 2 ነው፤ በሙሉ ፍሬም በሰከንድ 20 ገደማ ቢያሳልፍልህ ነው። የሩብ ሰከንዱ ድርሻህ አምስት ፍሬም። ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ከሆነ ከ100 በላይ ይሰጥሃል፣ ስለዚህ 25 እና ከዚያ በላይ ታገኛለህ። ላፕቶፕ ለአንድ ምሽት ተዋስ። ከሌንስም ከምንም በፊት እሱ ነው።

የቡሬው (ቡሬ)

ጋሼ ጣና ያሉት ልክ ሆኖ እኔ የምጨምረው አለኝ። ቆሞ መጠበቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ መግፋት አለብህ። በፋይንደሩ (ቱቦው ላይ ባለችው ትንሿ ማነጣጠሪያ) እያየህ ጣቢያውን መስቀሉ ላይ ይዘህ አብረኸው ከሄድክ መንሸራተቱ ይቀንሳል፣ ፍሬሙም በመቶዎች ይሆናል።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ሲገፋ ቱቦው ይንቀጠቀጣል፤ አንዴ ከተንቀጠቀጠ 1/4000ም አያድነውም። እኔ የማደርገው ይህን ነው። የሚያልፍበትን መስመር ስቴላሪየም በሚባለው የሰማይ ካርታ ሶፍትዌር አይና አንድ ደማቅ ኮከብ አጠገብ እንደሚያልፍ እለያለሁ። ቴሌስኮፑን እዚያ አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ጥው ብሎ ሲያልፍ ወደሚቀጥለው ኮከብ እዘላለሁ። በአንድ ማለፍ ሦስት አራት ቦታ ይደርሳል።

የቡሬው (ቡሬ)

ኮከቡ አጠገብ አለማለፉስ? የምሕዋሩን መረጃ ካላደሱ በ9 የዲግሪ ደቂቃ መስኮት ውስጥ የመግባቱ ነገር ዕጣ ነው። ጣቢያው በየጊዜው ሮኬት እየለኮሰ ከፍታውን ያስተካክላል። የሳምንት መረጃ ይዞ የወጣ ሰው ባዶ ሰማይ ነው የሚቀርጸው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እሱስ እውነት ነው። መረጃው የዚያኑ ዕለት መውረድ አለበት።

ለሁለቱም ዘዴ ግን የሚበልጠው ፋይንደሩ ነው። ከመሸ በኋላ አንድ ኮከብ የካሜራው መሐል ላይ አድርግ። ከዚያ የፋይንደሩን ብሎኖች እያዞርክ ያው ኮከብ መስቀሉ ላይ እስኪቀመጥ አስተካክል። "ለትንሽ ነው የሳተው" የሚባል ነገር የለም፤ የዚያች ትንሽ ስሕተት ስፋት ከካሜራህ መስኮት ይበልጣል።

መምህርቷ (ዳንግላ)

ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ልጁ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ስላለ ገባሁ።

ከጎጃም ጣቢያው ለፎቶ በሚበቃ ከፍታ የሚያልፍበት ምሽት ከአውሮፓ ያነሰ ነው። ምሕዋሩ ከምድር ወገብ በ51.6 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። በዚያ ኬክሮስ አካባቢ መንገዱ ስለሚታጠፍ ብዙ ይመላለሳል። እኛ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ላይ ነን፤ እዚህ አቋርጦን ነው የሚያልፈው። በዚያ ላይ ፀሐይ እኛ ጋ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች፣ ምሽቱ ቶሎ ይጨልማል። ጣቢያው የሚታየው እኛ በጨለማ ሆነን እሱ ፀሐይ ሲያገኝ ብቻ ነው። ከላያችን ሲሆን ፀሐይ ከጠለቀች ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጥላ ውስጥ ይገባል። ማለዳም እንዲሁ ነው። በበጋቸው ሌሊቱን ሙሉ የሚያዩት ሰሜኖቹ ናቸው።

ስለዚህ ጥሩ ቀን ስታገኝ አታባክናት። የሰዓቱንም ነገር ልብ በል፤ አፑ 19:05 ካለ በእኛ ከምሽቱ 1:05 ነው። ተማሪዎቼ አንዴ 7 ሰዓት ሌሊት ብርድ ላይ ቆመው አድረዋል።

ቀራንዮ (ሞጣ)

መምህርት ተማሪዎቹን ፊዚክስ ነው ወይስ ምንኩስና የሚያስተምሯቸው? 😂

ግን ቁም ነገር ላውራ። እኛ ሰፈር በማታ ወፍራም ቱቦ ወደ ሰማይ ደግኖ የሚቆም ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ጊዜውም ጊዜ ነው። ይህን ነገር እንዴት ነው የምትወጡት?

የቡሬው (ቡሬ)

ቀን ላይ አውጥቼ ጎረቤቱን ሁሉ ጨረቃን አሳየሁ። ጨረቃ በቀንም ትታያለች። እማማ ከወዲያ ማዶ አይተው "ይኼማ ጠባሳ ነው ያለባት" አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቅ የሚመልሱልኝ እሳቸው ናቸው። አረንጓዴ ሌዘር ግን እንዳታበሩ። ሰዓት እላፊ ባለበት ጊዜም ከግቢ አትውጡ። ፎቶው ይቆይ።

አወያይ

ከላይ ያለውን ምክር ሁሉም ያንብበው። ወደ ሥራው እንመለስ።

ቢቸና በርሊን (በርሊን)

ሰላም ወገኖች። ትውልዴ ቢቸና ነው፣ አሁን በርሊን ነኝ። ጣቢያውን እዚህ እስኪሰለቸኝ አየዋለሁ፤ መምህርት ያሉት እውነት ነው። ግን እናንተ ያላችሁ እኔ የሌለኝ አለ። ሃብል ቴሌስኮፕ!

የሃብል ምሕዋር ያዘነበለው 28.5 ዲግሪ ብቻ ነው። ከዚህ ከአድማስ በላይ አይወጣም፤ መቼም አላየውም። እናንተ ጋ ግን በአናታችሁ ላይ ያልፋል። 13.2 ሜትር ርዝመት አለው፣ ከፍታው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ8 ኢንች ብትሞክሩት 5 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 1/3600 ነው) ገደማ ይሆናል። በዚያች ካሜራ አሥር ፒክሰል ቢበዛ ነው። ግን ሞላላነቱ፣ በግራና ቀኝ የተዘረጉት ሰሌዳዎቹ ፍንጭ ይሰጣሉ። እባካችሁ አንድ ሰው ያንሳልኝ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ሞክሬዋለሁ። ከጣቢያው በጣም ይከብዳል፤ ደብዛዛ ነው፣ በፋይንደር ለማግኘት ራሱ ዓይን ይፈልጋል። ያገኘሁት የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ናት። በርሊን ሆነህ ብትቀናብኝ አልፈርድብህም።

የቻይናውን ቲያንጎንግንም አትርሱት። ዝንባሌው 41.5 ዲግሪ ነው። ዋናው ክፍሉ ቲያንሄ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ፣ ሁለቱ የሙከራ ክፍሎች በ2022 ተጨመሩ። በጥሩ አየር የቲ ፊደል ቅርጹ ይለያል።

ዲሽ ሠሪው (ፍኖተ ሰላም)

እኔ ዲሽ ነው የምተክለው። ኢትዮሳት ከመጣ ጀምሮ ስንቱን ዲሽ ወደ 57 ምሥራቅ እንዳዞርኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሁሌ የሚገርመኝ ግን ያን የማነጣጥርበትን ሳተላይት በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የት እንዳለ በእጄ አሳያችኋለሁ። ፎቶ ማንሳት ይቻላል?

መምህርቷ (ዳንግላ)

ይህ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ ነው።

ቅርጹን ማየት አይቻልም። የቲቪ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። 30 ሜትር የሚዘረጋ ሳተላይት ከዚያ ርቀት ከ0.2 አርክ ሰከንድ ያንሳል። የግቢ ቴሌስኮፕ ይቅርና ከዚያ የበለጠውም አይፈታውም።

ነጥብ ሆኖ ግን ይታያል፤ እንዲያውም ቴሌስኮፕ አያስፈልገውም። ካሜራ ትራይፖድ ላይ አስረህ ሹተሩን 30 ሰከንድ ክፈት። ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ አጭር መስመር ይሆናሉ። የዲሹ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር እንደቆመ ይቀራል። መስመር ያልሆነችው ነጥብ እሷ ናት።

አሁን የጎጃምን ዕድል ልንገርህ። ከፍኖተ ሰላም ሲታይ የእነዚህ ሳተላይቶች መስመር ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ ካለው የሰማይ መስመር) ወደ ደቡብ 1.9 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ያልፋል። የኦሪዮን መቀነት ሦስት ኮከቦች መካከል የመጨረሻዋ ማለትም አልኒታክ ያለችውም እዚያው 1.9 ላይ ነው። በጥር መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ መቀነቱ አንተ ዲሽ በምታዞርበት አቅጣጫ ላይ ይደርሳል። ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ከአድማስ ከ60 ዲግሪ በላይ። ሦስቱን ኮከቦች መሐል አድርገህ አንሳ።

ዲሽ ሠሪው (ፍኖተ ሰላም)

አቅጣጫውንስ ለእኔ ተዉት። የሰርግ ፎቶ አንሺ ጓደኛ አለኝ፣ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለው። ጥምቀት ሰሞን ሰርግ ስለሚበዛበት ካሜራውን ሳይይዝብኝ ቀድሜ ልለምነው።

አዲስ ገቢ (እንጅባራ)

ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። የራሳችንን ሳተላይትስ? ኢቲአርኤስኤስ 1ን ማለቴ ነው። ሲላክ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፣ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ነው ከቻይናው ታይዩዋን የተወነጨፈው። 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዞር ትንሽ ሳተላይት ነው። 8 ኢንች ቴሌስኮፕ በዚያ ርቀት ሊለየው የሚችለው ትንሹ ነገር 1.7 ሜትር ገደማ ነው። ቅርጽ አትጠብቅ። በዓይንም አይታይም። እንደ ነጥብ ለመያዝ ግን ቴሌስኮፑን መንገዱ ላይ አስቀምጠህ መጠበቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ለማንም አያምርም። እኔ ግን ባገኘው አትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ወደ እኔ ልመልሳችሁ 😅 ላፕቶፕ ተውሻለሁ፣ ሰማያዊ ቀዳዳ አለው። በሚቀጥሉት ቀናት ሁለት ምርጫ አለኝ። አንዱ ቀን 87 ዲግሪ ላይ ያልፋል፣ ሌላው 68 ላይ። 87ቱን ነው የምወስደው አይደል? ቅርብ ስለሆነ።

የቡሬው (ቡሬ)

68ቱን። ዶብሶኒያን ቀጥ ብሎ ወደ አናት ሲያይ አይዞርም። ጣቢያው ከላይህ ሲደርስ ቱቦውን በአንዴ ግማሽ ዙር ማሽከርከር ይጠበቅብሃል፤ እስክትዞር እሱ ወደ ምሥራቅ ነጉዷል። 68 ላይ ርቀቱ የሚጨምረው በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚያጎድልብህ ነገር የለም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ይህን እኔም እፈርማለሁ።

ፎከሱን ደግሞ ቀደም ብለህ ጨርስ። ጣቢያው ላይ ፎከስ አደርጋለሁ ያለ ሰው ምንም አያገኝም። ከካርቶን የባህቲኖቭ ጭንብል ቁረጥ፣ ሥዕሉን ከኢንተርኔት አትመህ በምላጭ ነው። ቱቦው አፍ ላይ አድርገህ ደማቅ ኮከብ ስታይ ሦስት ጨረር ይወጣል። መሐለኛው ጨረር ሁለቱን ልክ መሐል ላይ ሲከፍላቸው ፎከስ ሆነሃል። ብሎኑን አጥብቅ፣ ጭንብሉን አንሳ። ጭንብሉን ሳያነሳ የቀረጸ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም።

ከዚያ አየሩ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከአየሩ ሩብ ያህሉ ከእግርህ በታች ነው። እኔ ጣና ዳር ርጥበትና ትንኝ እየታገልኩ አንተ ያን አየር ይዘህ ልታማርር አትችልም። ግን በገዛ እጅህ አታበላሸው። ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አታንሳ። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል፣ ምስሉ እንደ ውኃ ይንቦጫረቃል። ሣር ላይ ቁም። ምጣድ የተጣደበት ጭስ ቤት አጠገብ አትሁን፤ ምሽት 1 ሰዓት ደግሞ የጭስ ሰዓት ነው። ቱቦውን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ውጭ አውጣው፣ መስታወቱ ይብረድ። ሰማዩ የሚረጋው ማለዳ 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ከተመቸህ የማለዳውን ምረጥ።

መምህርቷ (ዳንግላ)

ጋሼ ጣና ስለ ሌሊት ሲያወሩ እኔ ስለ ቀን ልጨምር። ጣቢያው ፀሐይ ፊት ሲያልፍም ይነሳል። ፈረንሳዊው ቲየሪ ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2009 አትላንቲስ መንኮራኩርን ፀሐይ ፊት ያነሳው እንዲህ ነው።

ለእኛ ልዩ የሚያደርገው ሚያዝያ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሚያዝያ 9 አካባቢ፣ ባሕር ዳር ላይ ከዚያ ሦስትና አራት ቀን ቆይቶ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትሆናለች። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ፊት ቢያልፍ ጣቢያው ሊቀርብ በሚችለው ርቀት ላይ ነው። አውሮፓ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለማትደርስ ይህ አይገኝም። ችግሩ ግማሽ ሰከንድ ብቻ መቆየቱና የሚታይበት መሬት ስፋት 4 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ደብረ ማርቆስ መሐል ላይ ሲታይ ከከተማው ዳር ላይታይ ይችላል። ሁለተኛው የአናት ፀሐይ ነሐሴ ላይ ነው። የጎጃምን ነሐሴ ለምታውቁት አልነግራችሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ለቀለበቱ ግርዶሽ የገዛችሁትን የካርቶን መነጽር ቴሌስኮፕ ዓይን ላይ አድርጋችሁ እንዳታዩ። ቴሌስኮፑ ፀሐይን ሰብስቦ ያቃጥለዋል፣ ቀጥሎ ዓይናችሁን። ማጣሪያው የቱቦው አፍ ላይ፣ ከመስታወቱ በፊት፣ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ፣ ነፋስ እንዳይነቅለው ታስሮ ነው የሚደረገው። ፋይንደሩንም ክደኑት ወይም ንቀሉት። በዚህ ድርድር የለም።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ተሳካ!!!

68 ዲግሪው ላይ ነው። 1/4000፣ ቆሜ እየጠበቅሁ። ሣር ላይ። እናቴ ምጣዱን እንድታዘገይልኝ ለምኜ ነው። ካለፈ በኋላ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ሳይ ከደብዛዞቹ መሐል ጥርት ያሉ አሉ። ሰሌዳዎቹ ወደ ወርቃማነት የሚያደላ ቡናማ ናቸው። መሐል ላይ ያሉት ክፍሎች ነጭ፣ ከነሱ ቀጥ ብለው የወጡ ቀጫጭን ነጭ ነገሮችም አሉ። ሰሌዳዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለያሉ፣ በመሐላቸው ጥቁር ክፍተት አለ። ፒፕና አውቶስታከርት በሚባሉ ሶፍትዌሮች ፍሬሞቹን መሐል አድርጌ ደራርቤያቸዋለሁ። ከታች አያይዤዋለሁ።

የቡሬው (ቡሬ)

እሰይ! ያ ቀጭን ነጭ ነገር ሙቀት ማስወገጃ ሰሌዳው ነው። እንዲህ ከታየህ አየርህ ወርቅ ነበር።

ቀራንዮ (ሞጣ)

አየሁት። በስተቀኝ ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ጠፈርተኛ ወጥቶ ነው? ማጉያ አድርጌ እጅና እግር አገኘሁለት።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ተው ቀራንዮ። ጠፈርተኛ ከነልብሱ 2 ሜትር አይሞላም፤ በዚህ ምስል ላይ ሁለት ፒክሰል ቢሆን ነው። እጅና እግር የሰጠኸው አንተ ነህ።

የጮቄ ልጅ፣ ሥራህ ግሩም ነው። አንድ ነገር ግን ላስቸግርህ። የመጨረሻው ምስል ላይ ሹልነቱን አብዝተኸዋል። ሰሌዳዎቹ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ወጥቷል፣ መሐሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ቅርጾችም ጣቢያው ላይ የሉም፤ ሶፍትዌሩ ነው የሠራቸው። እኔ የምከተለው ሕግ አንድ ነው። ያየሁት ዝርዝር ሳይነካካ በቀረጽኩት ቪዲዮ ላይ ተከታታይ ፍሬሞች ውስጥ ከሌለ አላምነውም። አንድ ፍሬም ላይ ብቻ ካለ አየሩ ነው ወይም ካሜራው። ኢንተርኔቱ ላይ የሚያስደንቁን ስንትና ስንት የሳተላይት ፎቶዎች በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ ግማሾቹ ይወድቃሉ።

ሌላም ልበልህ። ጣቢያው ሲያልፍ ለአንተ ያለው ፊት ይዞራል። ከጥቂት ሰከንድ በላይ የሚራራቁ ፍሬሞችን አትደራርብ። የምዕራቡን ከምሥራቁ ከደረብክ ሁለት ጣቢያ በአንድ ላይ ነው የሚሆነው።

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ቅርጾቹን ወድጃቸው ነበር 😔 ግን ያልነካኩትን ሳይ እውነትም የሉም። ከሹልነቱ ቀንሼ፣ የአንድ ሰከንዱን ብቻ ደራርቤ እንደገና ሰቀልኩት። ትንሽ ለስለስ ብሏል።

ቢቸና በርሊን (በርሊን)

ሁለተኛው ይበልጣል። በመጀመሪያው ላይ ጥርት ያለ ይመስላል እንጂ ዓይን ያደክማል። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2030 አካባቢ ጣቢያውን ወደ ውቅያኖስ ሊያወርዱት አቅደዋል። ያላነሳችሁት ፍጠኑ።

ዲሽ ሠሪው (ፍኖተ ሰላም)

የእኔንም ተመልከቱልኝ። የጓደኛዬን ካሜራ ከሁለት ሰርግ መሐል ነጥቄ ነው። ሦስቱ የኦሪዮን ኮከቦች መስመር ሆነዋል። ከአልኒታክ አጠገብ ያልተንቀሳቀሱ ነጥቦች አሉ፤ ተከታታይ ፎቶዎች ላይ እዚያው ናቸው፣ ኮከቦቹ ብቻ አልፈዋቸው ሄዱ። አንዷ ልክ እኔ ዲሽ የማዞርበት ላይ ናት። ለደንበኞቼ በስልኬ እያሳየሁ ነው። አንዱ "ታዲያ ይኼን ያህል ካየኸው ቻናሉ ለምን ይጠፋል?" አለኝ።

መምህርቷ (ዳንግላ)

ወንድሜ፣ ይህን ፎቶ ለክፍሌ ልጠቀምበት ትፈቅድልኛለህ? ስለ ምሕዋር ስናስተምር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ ከመሳል ይሻላል። ሁለት መቶ ተማሪ የቤቱን ዲሽ ያውቃል።

ዲሽ ሠሪው (ፍኖተ ሰላም)

ኧረ መምህርት ምን ጥያቄ አለው። ዋናውን ፋይል እልክልዎታለሁ።

ቀራንዮ (ሞጣ)

እኛስ ስልክ ብቻ ያለን? ቴሌስኮፕ ያለው ጎረቤት አለኝ፣ ካሜራ ግን የለውም።

የቡሬው (ቡሬ)

ስልኩን ዓይን መመልከቻው ላይ የሚያስር መያዣ ግዛ ወይም አሠራ፤ በእጅ አይያዝም። 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ባለው የዓይን መመልከቻ ጀምር፣ ሰፊ ሰማይ ይሰጥሃል። ቪዲዮውን ስሎው ሞሽን 240 ፍሬም ላይ አድርግ፤ ፍሬሙ ሲበዛ ሹተሩ ራሱ ይፈጥናል። ብርሃኑ ግን በራሱ ከወሰነ ጣቢያውን ያቃጥለዋል። አስቀድመህ ጨረቃ ላይ ጣትህን ተጭነህ ቆልፈው፣ ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ሳባት። ጎረቤትህ ይግፋ፣ አንተ ስልኩን አትንካ። ቪዲዮውን ከመድረሱ አንድ ደቂቃ በፊት አስጀምር።

ቀራንዮ (ሞጣ)

240 የለውም፣ 120 ነው። ይሆናል?

የቡሬው (ቡሬ)

ይሆናል። ሜሞሪውን ግን ቀድመህ አጽዳ።